የትኬት ቆራጩ አሥራ አንድ ወረቀቶች

አንድ ሰው በአንድ ወር ውስጥ የነርስነትም፣ የግንባታም፣ የሕግም፣ የእንስሳት ሕክምናም ተማሪ ሊሆን ይችላል? አይችልም። እትዬ ለምን ደግሞ የማይሆን ነገር አፍንጫዋ ስር ሲሆን እያየች ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ሰኞ ጠዋት የማዕከሉን መዝገብ ዘርግታ በጣቷ ቆጠረች። ትኬት ቆራጩ አሥራ አንድ ወረቀት ይዞ መጥቷል፤ አሥራ አንዱም ስለ ሌላ ሌላ ነገር ነው።

«ጉድ ፈላ!» አለች ለራሷ።

እትዬ ለምን የዩኒቨርሲቲው የጽሑፍ ማዕከል ኃላፊ ናት። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎቹ ናቸው፤ አንዱ ወረቀቱን ይዞ ፊቷ ሲቀመጥ «ለምን እንዲህ አልክ? ለምን ከዚህ ጀመርክ?» እያለች መውጫ መግቢያ ታሳጣዋለች። ማዕከል ሲባል ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው አጠገብ፣ አራት ጠረጴዛ የምትይዝ ክፍል ናት፤ ዝናብ ሲጥል ጥግ ላይ ባልዲ ይቀመጣል። ሥራው ግን ሥራ ነው። ተማሪው የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ እሷ ወይም ሁለቱ ረዳቶቿ እያዳመጡ ይጠይቁታል። እርሳሱ ከተማሪው እጅ አይወጣም፤ አንዲት ቃል እንኳ አይጽፉለትም። በዚህ ሕግ የመጣባትን ሰው፣ ዲኑም ቢሆን፣ አትምረውም።

ትኬት ቆራጩ የሚሉት ሠላሳ ዓመት ያለፈው ተማሪ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጥ ኖሮ ነው ወደ ትምህርት የተመለሰው። ረጅም ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንኳ አንድ እጁ የሚጨብጠው ብረት የሚፈልግ ይመስላል። የሚማረው ታሪክ ነው። ታሪክ! ታዲያ የላም ጡት በሽታ ምን አገባው?

ጥርጣሬዋ ደግሞ እንዲያው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ስለ ድልድይ ምሰሶ የተጻፈ ወረቀት አነበበላት። «ለምን እዚህ ቦታ ላይ እንዲቆም መረጥክ?» አለችው። ትንሽ አሰበና «እሱን ነገ ልንገርዎት» አላት። ነገ ልንገርዎት! የራሱን ወረቀት የጻፈ ሰው ለመልሱ ቀጠሮ ይይዛል? በማግስቱ መጥቶ መልሱን ዘረገፈው፤ ያውም አንጀት የሚያርስ መልስ። ይበልጥ ያበሸቃት ይኼ ነው። ለሰነፍ ሁሉ እየጻፈ ይሸጣል፣ እኛ ደግሞ ቁጭ ብለን ዕቃውን እንወለውልለታለን ስትል ደመደመች። አምና «ማዕከሉ ለተማሪ ይጽፋል» ተብሎ ሊዘጋ ለትንሽ ነው የተረፈው። ዘንድሮ እንዲህ ዓይነት ነገር ከተሰማ አለቀላቸው።

ምሳ ሰዓት ቤት ሄዳ ለታላቅ እህቷ ነገረቻት። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ቀና እንኳ አላለችም።

«አንቺ እኮ ገና ስትወለጂ አዋላጇን መታወቂያ የጠየቅሽ ነሽ» አለቻት። «ለምን ራሱን አትጠይቂውም?»

«ሌባ ተጠይቆ ያውቃል?»

«ሌባ መሆኑን በምን አወቅሽ ታዲያ?»

እትዬ ለምን መጠየቅ እንጂ ሲጠይቋት አትወድም። ቢሮ ተመልሳ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው ደብዳቤ ጻፈች፣ የመዝገቡን ግልባጭ አያይዛ ወስዳ አስገባች። ሲወጣላት ቀለል አላት፤ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ረዳቶቿን እንኳ አልተቆጣችም።

ማክሰኞ ትኬት ቆራጩ አሥራ ሁለተኛ ሳይሆን ከአሥራ አንዱ አንዱን፣ ተኝተው የሚቆዩ ሕሙማን ላይ ስለሚወጣ የአልጋ ቁስል የተጻፈውን፣ ይዞ ተመልሶ መጣ። አነበበላት። ሦስት ጥያቄ ጠየቀችው። ሰውየው አንዱንም አልመለሰም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እየሸመደደ ነው! አመስግኖ ወጣ።

«ዛሬ እጅ ከፍንጅ ካልያዝኩህ ሴት አይደለሁም» አለችና ቦርሳዋን ሳታነሣ ተከተለችው። ጫማዋ ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ አሳጣት፤ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ ረገመችው። እሱ ግን አልዞረም። በቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አድርጎ፣ የመኝታ ሕንጻዎቹን አልፎ፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው ታጠፈ። እዚያ በሁለት ረድፍ የሲሚንቶ ገንዳ አለ፣ ላዩ ላይ ቆርቆሮ፣ ከዚያ ወዲያ በገመድ የተሰጣ አንሶላ። እትዬ ለምን ከአንሶላው ጀርባ ቆማ ጆሮዋን ቀሰረች።

«ድልድይ!» ብሎ ተጣራ ትኬት ቆራጩ፣ ፌርማታ እንደሚጠራ ሁሉ። «ያንተ አልቋል፣ ጥሩ ነው ብለዋል። የአልጋ ቁስል! ያንቺ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ‹ለምን የታማሚዋን ነገር መጨረሻ ላይ ደበቅሽው?›»

የእሷን ድምፅ አስመስሎ ነው ያለው፤ ቃል መጎተቷን ሳይቀር። ገንዳው ዙሪያ ያሉት በሳቅ ፈነዱ። አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን እስከ ክርኗ አረፋ ለብሳ «ስለማፍር ነዋ!» አለች። «እኔ ነኝ ሳላገላብጣት የረሳኋት።» ሳቁ ቆመ። ልጅቷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወረቀቷን ተቀበለችና ቆማ ማንበብ ጀመረች። ሌሎቹ እያጠቡ ያዳምጣሉ። አንዱ «እንደገና በይው እስቲ» ይላል፤ ሌላዋ «እዚህ ጋ አልገባኝም» ትላለች። ልጅቷ በእርሳሷ ትሰርዛለች፣ ትጽፋለች። እርሳሷን የነካባት የለም።

እትዬ ለምን ክው አለች። የምትሰማው የራሷን ማዕከል ነው፤ የጎደለው ባልዲው ብቻ ነው። ሳታስበው ወደፊት ስትራመድ እርጥቡ አንሶላ ፊቷ ላይ ተለጠፈ፣ ታግላ ወጣች። ሁሉም በቆሙበት ደርቀው ቀሩ።

«ወረቀቶቹ የናንተ ናቸው?»

አንዱ ወረቀቱን ከጀርባው ሸሸገ።

«ታዲያ ለምን ራሳችሁ አትመጡም? መልእክተኛ የምትልኩት እኔ ምን አድርጌያችሁ ነው?»

እርስ በርስ ተያዩ። የአልጋ ቁስሏ ልጅ መሬት መሬት እያየች «በሩ ላይ ይለጥፉናላ» አለች።

እንዲህ ነው ነገሩ። እትዬ ለምን በየወሩ ማዕከሉን የተጠቀሙትን ተማሪዎች ስም በባለቀለም ወረቀት ጽፋ፣ «የወሩ ትጉሃን» ብላ በሩ ላይ ትለጥፋለች። ክብር መስሏት ነው፤ ሰው ሰውን አይቶ ይመጣል ብላ። ለሁሉም የጋራውን የጽሑፍ ትምህርት የሚያስተምረው ዲኑ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብቶ «ስሙ እዚያ በር ላይ ያለ ሰው መጻፍ የማያውቅ ነው፤ እኔም ወረቀት ሳርም ይህን አስቤ ነው» ብሏቸዋል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ደረጃ ሲወጣ መታየት የሚፈልግ ጠፋ። ትኬት ቆራጩ ብቻ «ስምንት ዓመት ስሰደብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ በር ምን ያደርገኛል?» ብሎ የሁሉንም ወረቀት በራሱ ስም ማመላለስ ያዘ።

«ደግሞ ጥያቄዎ ይጠቅማል እትዬ» አላት፣ እንደ ማጽናናት ብሎ። «ብቻ ከሩቅ ሲሆን ይሻላል።»

ይኼኔ ደብዳቤው ትዝ አላት። እንዴት ትንገረው? ግን ነገረችው፣ ሁሉም እየሰሙ። አንድ ቧንቧ ብቻ ክፍቱን ይፈስሳል። ትኬት ቆራጩ ሄዶ ዘጋው።

ከዚያ እግሬ አውጪኝ ብላ ወደ ኮሚቴው ጸሐፊ በረረች። ጸሐፊዋ ጥፍሯን እየሞረደች «የገባ ደብዳቤ አይወጣም» አለቻት። «ቁጥር ተሰጥቶታል። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ይታያል።» ለመነች፣ ተቆጣች፣ መልሳ ለመነች። ምንም። በሩ ላይ ያለውን ዝርዝር ቦጫጭቃ ጣለችና ወደ ማጠቢያው ተመለሰች።

«ሐሙስ ሦስት ሰዓት መጥታችሁ የኔ ነው በሉ» አለቻቸው። «ሌላ መንገድ የለም። ካልመጣችሁ ይባረራል።»

አንገታቸውን ደፉ። አይመጡም፣ አለች በልቧ፤ ሰው አውቃለሁ፣ አይመጡም።

ሐሙስ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ያው ዲኑ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ስልካቸውን ይነካካሉ። እትዬ ለምን ቆማ ተሳስቻለሁ አለች። ያየችውን ሁሉ ተናገረች፤ ሰውየው አልጻፈም፣ አልሸጠም፣ ጥያቄ ነው ያመላለሰው አለች። ዲኑ በትዕግሥት ሰማት። ክፉ ሰው እንኳ አይደለም፤ ደክሞታል፣ ከዚህ በኋላ ሌላ ሦስት ስብሰባ አለበት።

«መዝገቡ ላይ በስምህ አሥራ አንድ ወረቀት አለ» አለው ትኬት ቆራጩን። «ያንተ ካልሆኑ የማን ናቸው?»

«የጻፏቸው ሰዎች ናቸው» አለ ትኬት ቆራጩ።

«እነማን ናቸው?»

«አልናገርም።»

ዲኑ ወደ እሷ ዞረ። «እርስዎስ አይተዋል አይደል? ስም ይጥሩልን፣ ነገሩ አሁኑኑ ያልቃል።»

ሁለቱን ታውቃቸዋለች፤ የዛሬ ዓመት ማዕከሉ መጥተው ነበር። አንደበቷ ላይ ደረሰ። ትኬት ቆራጩ አያት፣ ራሱን ግራና ቀኝ በቀስታ ነቀነቀ። በሩን ከፍታ ኮሪደሩን አየች፤ ሰው የለም። ትንሽ ቆይታ ደግማ ከፈተች፤ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያ ብቻ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ተመልሳ ተቀመጠች። ስም ሳትጠራ ዝም አለች፤ በሕይወቷ እንደዚያን ጊዜ ዝምታ ከብዷት አያውቅም።

አንድ ዓመት አገዱት። ይግባኝ በአሥር ቀን ውስጥ ተባለ።

ደረጃው ላይ ስትወርድ ብግን ብላ ነበር። «ፈሪዎች!» አለች። «አንድ ሰው ይጥፋ? አንድ እንኳ! ስታጥቡ ኑሩ እንግዲህ፣ ምናምንቴ ሁላ!»

«አይስደቧቸው እትዬ» አለ ትኬት ቆራጩ ከኋላዋ። «ሁሉም ሊመጡ ተነሥተው ነበር። ትናንት ሄጄ አትምጡ ያልኳቸው እኔ ነኝ። እምቢ ያለችውን ልጅ ለምኜ ነው ያስቀረኋት።»

ቆመች። «ምን? ለምን?»

«ወረቀታቸውን የሚያርመው ማን ሆነና? ዲኑ ፊት ቀርበው ስማቸውን ይናገሩ? አሥራ አንድ ሰው ከሚወርድ አንዱ ይውረድ ብዬ ነው።»

«ይግባኙንስ?»

«ያለ ስም አይሆንም። ስም ደግሞ አልሰጥም።» ቦርሳውን አስተካከለ። «ለርስዎም አልሰጥዎትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎን አላምንም።»

በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር። የሚያበሳጨው ደግሞ እውነቱን ነው። ሃያ ዓመት ሰው ስትጠረጥር ኖራለች፤ ስትጠረጠር ግን ምን እንደሚመስል የቀመሰችው ያን ዕለት ነው። በር ድረስ ሸኘችው።

በማግስቱ የማዕከሉን መጋረጃ አውልቃ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄደች። ገና ስትደርስ ወሬው ቀጥ አለ። አንድ በአንድ ተነሡ፣ ያልታጠበውን ከታጠበው ቀላቅለው፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ሄዱ። ማንም አልሰደባትም። ብቻዋን መጋረጃዋን አጥባ ተመለሰች። ቅዳሜም ሄደች፤ ያው ሆነ። እህቷ «እነሱ ካልፈለጉሽ ምን ይጎትትሻል?» ስትላት «አላውቅም» አለች፤ እውነትም አታውቅም። እሑድም ሄደች። ያ መጋረጃ በዕድሜው እንዲህ ነጥቶ አያውቅም። ሰኞ ግን ሁለት ሦስቱ ሳይነሡ ቀሩ። አያዩዋትም፣ ዝም ብለው ያጥባሉ።

የአልጋ ቁስሏ ልጅ መጣች። እትዬ ለምንን አልፋ፣ ከፊት ለፊቷ ገንዳ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ከዚያ ፊቷን ሳትመልስ፣ ማጠቢያው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«ለይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ» አለች። ቀጥላ ስሟን አነበበች፤ የራሷን፣ የአባቷን፣ የአያቷን። «የነርስነት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መዝገቡ ላይ በሌላ ሰው ስም የተጻፈው ስለ አልጋ ቁስል የሚናገረው ወረቀት የእኔ ነው። እሱ ጥያቄ ነው ያመጣልኝ። አትምጡ ብሎን ነበር፣ እኛም ሰማነው። መስማት አልነበረብንም።»

ቆመች። ወረቀቱ እዚያ ላይ ያልቃል።

«ከዚህ በኋላ ምን እንደምል ጠፋኝ» አለች፣ አሁንም ጀርባዋን እንደሰጠች።

ከወዲያኛው ገንዳ የድልድዩ ልጅ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ተነሣ። «የኔም አለ» አለ። «እሷ ትጨርስ ብቻ።»

እትዬ ለምን እንባዋን በአረፋማ እጇ ጠረገችና ሳሙናው ዓይኗን አቃጠላት። ምንም አላየችም። «ግድ የለም» አለች፣ «እየሰማሁሽ ነው። ካቆምሽበት አንዴ ድገሚልኝ።»