ከአልጋው ሥር የተጫነው ሞተር

ቪትስከ ገና ከስኔክ ከተማ ሳይወጡ ጀምሮ ቆሽቷ እያረረ ነበር። የባሏ የኸርበን ታላቅ ወንድም ሃርም የራሱን ካራቫን፣ ማለትም በመኪና የሚሳበውን ቤት፣ እየጎተተ ከፊት ከፊታቸው ይነዳል፤ አፉ ግን ከእነሱ መኪና ውስጥ አልወጣም። መንገድ ላይ እንነጋገርበት ብሎ በሰጣቸው የእጅ ሬዲዮ፣ ሆላንድን ጨርሰው ቤልጂየም እስኪገቡ ድረስ ሲመክር ነበር።

«ኸርቤ! ስፖኪዮህን እይ! ኧረ ተንቀሳቀስ፣ ኤሊ ነው እንዴ የምትጎትተው?»

«እሺ ወንድሜ» ይላል ኸርበን፣ ያ ሽበታም ሰውዬ፣ እንደ ተማሪ አንገቱን ሰብሮ።

ቪትስከን የምታቃጥላት ይህቺ «እሺ» ናት።

እነ ቪትስከ ካራቫናቸውን የገዙት ጡረታ ሲወጡ ነው። ቤታቸውን ከኋላ አስረው አገር ሲያቋርጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ቪትስከም ነገሩን እንደ ቀልድ አላየችውም። እሁድ እሁድ፣ የሰፈሩ ትልቅ ሱቅ ሲዘጋ፣ ባዶ የመኪና ማቆሚያው ላይ ወደ ኋላ መንዳት ተለማምዳለች። አንድ ቅዳሜ ደጃቸው ላይ አቁመው አድረውባት፣ ውሃው የት እንደሚያንጠባጥብና ምድጃው እንዴት እንደሚለኮስ አይተዋል። ዕቃውን ደግሞ በገዛ እጇ ነው የደረደረችው። ከባዱን ከታች፣ ልክ ከጎማዎቹ በላይ፤ ቀላል ቀላሉን ከላይ ቁም ሳጥን ውስጥ። ከኋላ ጫፍ ላይ ምንም። ኋላው ከከበደ ፊቱ ይነሳል፣ ያን ጊዜ ተሳቢው መኪናውን እንደፈለገ ያላጋዋል ብለው ሻጮቹ ነግረዋታል።

ሃርም ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ነበር የሳቀው። «ካራቫን ልትጎትቺ ነው ወይስ ጨረቃ ላይ ልትወጪ? እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፈረንሳይ ተመላልሻለሁ፤ የሞትኩበትን ቀን አላስታውስም!»

ለመጀመሪያው ቀን አጭር መንገድ ይበቃናል ብትልም የሰማት አልነበረም። «ፈረንሳይ ሳንገባ ማቆም የለም» አለ ሃርም። ኸርበንም «እሺ» አለ።

ቤልጂየም ውስጥ፣ አርደን ተራራ ላይ፣ ረጅሙን ቁልቁለት ሲጀምሩ፣ አንድ ከባድ መኪና በግራቸው አለፋቸው። ነፋሱ ካራቫኗን ገፋ አደረጋት። ቀጥ ትላለች ብላ ቪትስከ ስፖኪዮውን ብታይ፣ ቤታቸው ወደ ግራ ተወረወረ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ደግሞ ከፊተኛው ብሶ ወደ ግራ። የመኪናው ቂጥ አብሮ ተነሳ። ከኋላቸው የመኪና ጥሩምባ ጮኸ።

«ነዳጅ ስጠው ኸርቤ!» አለ ሬዲዮው። «ጨምርበት፣ ይስተካከላል!»

የኸርበን እግር ነዳጁን ረገጠ።

«እግርህን አንሳ!» ጮኸች ቪትስከ። «አንሳ! ደንግጠህ ፍሬን እንዳትረግጥ! መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ አትከተላት!»

ለአፍታ ማንን እንደሚሰማ ጠፋው። ከዚያ እግሩን አነሳ። ካራቫኗ ሁለት ጊዜ ክፉኛ ተወዛውዛ፣ የመንገዱን ዳር ብረት ልትልስ ጥቂት ሲቀራት፣ ቀስ በቀስ ቀጥ አለች።

ከታች ማረፊያው ላይ ሲቆሙ የኸርበን እጅ መሪውን አልለቅ አለ። ቪትስከ ግን ወርዳ በቀጥታ ወደ ኋላ ሄደች። ከውጭ የሚከፈተውን የአልጋ ሥር ሣጥን ስትከፍት፣ እሷ ያስቀመጠቻቸው ትራሶች ተጨፍልቀው፣ በላያቸው በሸራ የተጠቀለለ የጀልባ ሞተር ተጋድሟል።

ሃርም እጁን ኪሱ ከቶ እየተጎማለለ መጣ። «አይዞሽ፣ ትንሽ ስትወዛወዝ ነው ካራቫን መሆኗ የሚታወቀው።»

«ይህን እዚህ ማን አስገባው?»

«እኔ ነኛ። ምን አለበት?»

«የአንተው መኪና የፊት ወንበር ባዶ አይደለም እንዴ?»

«ዘይት ያንጠባጥባል፤ አዲስ ወንበር ላስበላሽ?»

ቪትስከ ደሟ ፈላ። «ለወንበርህ ብለህ ነው እኛን ልትፈጀን የነበረው?»

«ኧረ በማርያም! እኔን ብቻ አትጩሂብኝ፤ ኸርቤም አብሮኝ ነው የጫነው!»

ዞር ብላ ባሏን አየችው። ኸርበን አስፋልቱን አስፋልቱን ያይ ነበር።

«ታውቅ ነበር?»

«ለእሷ አትንገራት አለኝ። ነገር ታበዛለች አለ።»

«ከጎንህ ተቀምጬ! ልብህ እያወቀ!» ድምፅዋ ማረፊያውን ሞላው፤ ዳቦ የሚበሉ መንገደኞች ዞረው አዩዋት፤ ግድም አልሰጣት። «እሱስ ከጥንትም እሱ ነው። አንተን ምን ልበልህ?»

ሞተሩን በአንድ ጫፍ ይዛ ጎተተች። ከበዳት፣ አልተወችም። ኸርበን መጥቶ ሌላውን ጫፍ ያዘ፤ አመስግኚኝ እንዳይል ፊቱን እንኳ አላየችውም። ሃርም እግር ሥር አስቀመጡት።

«መንገድ ላይ ትጥሉታላችሁ? ኸርቤ! አንተን እኮ ነው!»

«ወንበርህ ላይ ጫነው» አለ ኸርበን። «እኛ ዛሬ ፈረንሳይ አንገባም። አንተ ሂድ።»

ሃርም ተሳደበ፣ ሳቀ፣ «ሚስትህ ቀሚስ አልብሳሃለች» አለ፤ በመጨረሻም ሞተሩን አቅፎ እያቃሰተ ወደ አዲሱ ወንበሩ ሄደ።

ቪትስከ ቁልፉን ከኸርበን እጅ ተቀበለች። ዝግ ብላ እየነዳች፣ በቅርብ አንድ የወንዝ ዳር የካራቫን ማደሪያ አገኘችና ካራቫኗን በሁለተኛው ሙከራ ወደ ኋላ እየነዳች ቦታዋ አስገባቻት። ኸርበን ከቤት ያመጡትን ድንች ልጦ ቀቀለ። ሳህኗን ሲያቀርብላት «አዝናለሁ» አላት።

«ማዘንህን አየሁ» አለች። «ነገም ተነገወዲያም የምነዳው እኔ ነኝ። ንዴቴ ሲበርድልኝ እነግርሃለሁ። አሁን አልበረደልኝም።»

ድንቹን ግን በላች፤ ርቧት ነበር።