የይሥሐቅ ሳጥን ይተነፍሳል

ይሥሐቅ በተቀበረ በሠላሳ ሦስተኛው ቀን አባቱ መምሬ ገብረ አማኑኤል መሐል ሜዳ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለችው የማርያማዊት የጥገና ሱቅ መጡ። ከዚያ በፊት ገብተውባት አያውቁም። ጥምጥማቸው እንዳይነካ ጎንበስ ብለው በሩን አለፉና የተፈታቱ ስልኮችና ሬዲዮኖች የተዘረጉበትን ጠረጴዛ አዩ። በርጩማ ብታቀርብላቸውም አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። እንዳትስቂብኝ።»

«ምነው መምሬ፣ ምን ሆኑ?»

«የይሥሐቅ ሳጥን ይተነፍሳል።»

ማርያማዊት የያዘችውን ካቻቢቴ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ነገሩ ከጀመረ ሁለት ሳምንት አልፎታል አሉ መምሬ። የልጃቸው ልብስ የተቀመጠበት የእንጨት ሳጥን አንዳንዴ ጧት፣ አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ፣ «ፍስስስ» የሚል ድምፅ ያሰማል። ትንሽ ቆይቶ ጸጥ ይላል። ከዚያ የናና ሽታ በክዳኑ ስንጥቅ ይወጣል፤ ይሥሐቅ በሕይወት ሳለ ከአፉ የማይጠፋው ሽታ። ባለቤታቸው እትዬ አረጋሽ መጀመሪያ የሰሙት ቀን ጮኹ። በማግሥቱ አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ግን ከሳጥኑ አጠገብ አይነሡም። ያዋሩታል። ቤተ ክርስቲያን መሳለም እንኳ ትተዋል።

«ጸበል ረጨሁበት፤ ዳዊት ደገምሁበት» አሉ መምሬ። «የሞተ ሰው ነፍስ ወዴት እንደምትሄድ ስንት ዘመን አስተምሬአለሁ። ሳጥን ውስጥ አትቀመጥም። ግን ሰማሁት ማርያማዊት። በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያ ጭሱን የሚስብበት ዕቃው ከጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው። አንቺ ጋ አሠርቶት እንደነበር ነግሮኛል። ከእሱ ይሆን እላለሁ። እናቱ ግን ሳጥኑን አታስነካኝም።»

ውጭ መናኸሪያው ውስጥ አንድ አውቶቡስ የፍሬኑን አየር ለቀቀ። ማርያማዊት ደነገጠች። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር እጇ ባለበት ይቆማል። የምትሠራውን ትረሳለች። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም።

ይሥሐቅና እሷ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አብረው የተማሩ ናቸው። እሱ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን የሚመላለስ ሚኒባስ ሾፌር ሆነ፤ መሪውን ከያዘ ጀምሮም ሲጋራ ያጨስ ነበር። የቄስ ልጅ ሆኖ ሲጋራ ሲጋራ እየሸተተ አባቱ ቤት መግባት ያሳፍረው ስለነበር፣ ሰው ከአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ሲጋራ አመጣለት። እስክርቢቶ የምታህል ዕቃ ናት፤ ከታች ባትሪ፣ ከላይ የናና ሽታ ያለው ፈሳሽ የሚሞላበት ቋት፣ ሁለቱም እርስ በርስ የሚጠመዘዙ። ሲጋራውን በእርግጥም ተወ። «አባዬ አሁን ሲስመኝ ፊቱን አያዞርም» ብሎ ነግሯት ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ተሳፋሪ ጭኖ፣ ሞተር ሳያጠፋ፣ እየሮጠ ሱቋ ገባ። የመንገዱ አቧራ የዕቃዋን መጠምዘዣ ጥርስ ይዞ ቋቱ አልፈታ ብሏል፤ መብራቷም አንዴ በርቶ አንዴ ይጠፋል። «ቶሎ በይ፣ ሰዎቹ ይሳደባሉ» አላት። ማርያማዊት በግድ ፈታችው። ደረቅ ጥርስ መለስለስ አለበት። መደርደሪያዋ ላይ ደግሞ ፈንታ የሚባለው ሜካኒክ የሰጣት መዳብ የተቀላቀለበት ግራሶ ነበር፤ እሱ ለካንዴላና ለጎማ ብሎን የሚቀባው፣ ዓመት የዛገ ብሎን ሲያላቅቅ በዓይኗ ያየችው። በጣቷ ጥርሱን ዙሪያውን ቀባችው። መዳብ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ብላ ደግሞ መሐል ያለችውን መገናኛም ቀባቻት። ጎበዝ የሆነች መስሏት ነበር።

ይሥሐቅ ሁለት ጊዜ አጥብቆ ሁለት ጊዜ ፈታው። «ቅቤ ሆነ እኮ!» ብሎ ሳቀ። እዚያው በሩ ላይ ሳብ አደረገና ጭሱን እንደ አውቶቡስ ፍሬን «ፍስስስ» አድርጎ ወደ ብርዱ ለቀቀው። ሲወጣ አንድ ጊዜ አሳለ።

በሦስተኛው ሳምንት ትንፋሽ አጥሮት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተኛ። በዐሥራ አንደኛው ቀን ሞተ።

የመምሬ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከገብሱ ማሳ ማዶ ነው። ሲሄዱ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመታቸው ነበር። ማርያማዊት መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻቸው።

«ሐኪሙ ምን አለዎት መምሬ?»

«ምን ይስብ ነበር ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምኑን አውቄ! ያ ዕቃም ያው ሲጋራ መስሎኝ ሲጋራ አልሁት። ሌላስ አለኝ። ሌላ አላውቅም አልሁት።»

ማርያማዊት እርምጃዋን አፈጠነች።

እትዬ አረጋሽ የሱፍ ባና ደርበው ከሳጥኑ አጠገብ ተቀምጠዋል። ምድጃው ውስጥ እሳት ይነዳል፤ ሳጥኑም ከምድጃው አንድ ክንድ አይርቅም። ማርያማዊት ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

«መጣሽ?» አሏት። «እሱም አለ። ቆይ ትሰሚዋለሽ።»

«ሳጥኑ ሁልጊዜ እዚህ ነበር እትዬ?»

«የለም፣ ከጓዳ ነበር። እዚያ ይበርደዋል ብዬ ነው ያመጣሁት። እንደመጣ መተንፈስ ጀመረ።»

ብዙ አልቆዩም። እሳቱ ጠነከረ፤ ከሳጥኑ ሆድ «ፍስስስ» የሚል ድምፅ ወጣ። ረጅም ነው፣ በጥርስ መካከል እንደሚወጣ ትንፋሽ። ማርያማዊት ምን እንደሆነ እያወቀች የክንዷ ጸጉር ቆመ። የበሩ ላይ ሳቁ፣ ሳሉ፣ ወደ ብርዱ የለቀቀው ጭስ ሁሉ ባንዴ መጣባት። መምሬ አማተቡ። እትዬ አረጋሽ እጃቸውን ክዳኑ ላይ አሳርፈው «እሺ ልጄ፣ እሺ፣ አለሁ» አሉት። የናናው ሽታ ወጣ። ከናናው ሥር ግን ሌላ ሽታ ነበረ፤ የተቃጠለ ዘይት፣ የጋለ ብረት።

«እትዬ፣ ይክፈቱልኝ። ቤቱ ይቃጠላል።»

«እስትንፋሱን ልትወስጂብኝ ነው የመጣሽው?»

«የሱ አይደለም። የእኔ እጅ ሥራ ነው። እባክዎ።»

መምሬ የባለቤታቸውን እጅ ይዘው ከክዳኑ ላይ አነሡት። እትዬ አረጋሽም አልታገሉም። ማርያማዊት ጃኬቱን አወጣችው። ኪሱ ይሞቃል፤ ገበሩ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ጥቁር ቃጠሎ አለ። በጨርቅ ይዛ ዕቃዋን ስትስባት መብራቷ ማንም ሳይነካት በርታ ነበር። ቋቱን ለማላቀቅ ኃይል አላስፈለገም። ውስጡ ብርቱካናማ ሆኖ ወዝቷል። የቀባችው ግራሶ በምድጃው ሙቀት ቀልጦ፣ በመገናኛዋ ዙሪያ ያለውን ላስቲክ አልፎ እስከ ማብሪያዋ ወርዷል። የመዳቡ ብናኝ መነካካት የሌለባቸውን ሁለቱን ብረቶች እያገናኘ ያበራታል፤ ሲቀዘቅዝ ይለያያሉ። በጨርቁ ጠርጋ ባትሪዋን ከነትኩሳቷ ወደ ውጭ ይዛ ሮጠች፣ ከጭድ ክምሩ ራቅ ብሎ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻት። እስክትቀዘቅዝ ነፋሱ ውስጥ ቆማ ጠበቀች።

ተመልሳ ስትገባ አልተቀመጠችም። ቆማ ነገረቻቸው። የቱን እንደቀባች፣ ለምን እንደቀባች፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀባት። ግራሶው ለመኪና እንጂ ሰው አፉ ላይ ለሚያደርገው ነገር እንዳልሆነ ማሰብ እንደነበረባት። ከላይ ያለው ቋት ሲግል የተቀባው ዘይት ከጭሱ ጋር ተስቦ ሊሆን እንደሚችል።

እትዬ አረጋሽ እስክትጨርስ ሰሟት።

«እንግዲያ ይህን ሁሉ ቀን ያዋራሁት ግራሶሽን ነው?»

ማርያማዊት በጨርቁ ላይ የጠረገችውን አሳየቻቸው።

«ገደለው?»

«አላውቅም እትዬ።»

«አላውቅም» አሉ እንደማስተጋባት። ከዚያ ባናውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። «ሂጂ። ከፊቴ ሂጂ።»

መምሬ እስከ ግቢው በር ሸኟት። ይረግሙኛል ብላ ስትጠብቅ፣ «እኔም ሐኪሙን ሄጄ ልጠይቅ። አንቺም ነይ። የቀባሽውን ይዘሽ ነይ» አሏት።

ሦስት ቀን ቆይተው ይሥሐቅ ይነዳው በነበረው መንገድ ደብረ ብርሃን ወረዱ። ሚኒባሱ ሞላሌን ሲያልፍ መምሬ በመስኮቱ እያዩ «እዚህ ጋ ሁልጊዜ ይደውልልኝ ነበር» አሉ። ማርያማዊት በእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ትንሽ ግራሶ በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች። ሬሳ ይዛ የምትጓዝ ያህል ይከብዳታል።

ሐኪሙ ጎልማሳ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ግራሶውን በብርሃን አየው፤ የምትለውንም ሁሉ ጻፈ።

«ለአንቺ የሚታይሽ ብረቱ ነው» አላት። «እኔ የማየው ከብረቱ ወዲያ ያለውን ሳንባ ነው። ሆድ የገባ ዘይት መውጫ አለው። ሳንባ የገባ የማሽን ዘይት ግን እዚያው ይቀራል፤ ያቆስላል።»

«እንግዲያ እኔ ነኝ» አለች።

«እንደሱ አላልሁም። ሳንባው ለዓመታት በሲጋራ የተጎዳ ነበር። ኢንፌክሽንም ነበረው። የሚስበው ፈሳሽ ራሱ ምን እንዳለበት ማን ያውቃል? የቀባሽው ደግሞ ጥቂት ነው። ይህ ገደለው ብዬ አልፈርምም።» ወደ መምሬ ዞረ። «አልገደለውም ብዬም አልፈርምም አባቴ። መርምሬ የማረጋግጥበት ሰው ተቀብሯል።»

መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማርያማዊት ግራሶውን መልሳ በላስቲኩ ጠቀለለችው። ፍርድ ፍለጋ ነበር የመጣችው፤ ጥፋተኛ ብትባል እንኳ የምትይዘው ነገር ይኖራት ነበር።

ሊወጡ ሲሉ ሐኪሙን ጠየቀችው። «ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ ቢያመጣልኝ ምን ልቀባለት?»

«ከሁሉ የሚሻለው አለመሳቡ ነው። ካመጣልሽ ግን ማንኛውም የማሽን ዘይት፣ ግራሶ፣ ቫዝሊንም ቢሆን አታስጠጊ። እነዚህ ዕቃዎች ውስጥ የሚሞላው ፈሳሽ ራሱ አብዛኛው ግሊሰሪን ነው፤ ጥርሱ ካስቸገረሽ ንጹሕ ግሊሰሪን ከፋርማሲ ወስደሽ በጥጥ ጫፍ ንኪው፣ የተረፈውን ጥረጊ። ስለ ኤሌክትሪኩ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች፤ አሁን። መገናኛው ላይ ምንም አይቀባም። በአልኮል በረጠበ ጥጥ ይጠረጋል፣ በደንብ እስኪደርቅ ይቆያል፣ ደረቁን ይገጠማል። ይህን ለማወቅ ከአምስት ደቂቃ በላይ ማሰብ አያስፈልግም ነበር። አምስቱ ደቂቃ ግን አልነበራትም፤ ወይም የነበራት አልመሰላትም።

ሱቋ ስትመለስ የፈንታን ግራሶ ከነቆርቆሮው መለሰችለት። የመጣላትን ሁሉ ዕቃ ምን ላይ እንደሚውል፣ ማን እንደሚነካው፣ አፍ ይድረስ አይድረስ ሳትጠይቅ መቀባት ተወች። ደንበኞቿ ዘገየሽ ይሏታል። «ሞተር እየሠራ ነው» ያላትን ሰው ሁሉ «አጥፋውና ተቀመጥ» ትለዋለች። የአውቶቡሱ ፍሬን ግን አሁንም ሲተነፍስ እጇን ያስቆመዋል።

የአርባው ተዝካር ዕለት እሄዳለሁ አልሄድም ስትል ረፈደ። ኋላ ነጠላዋን ለበሰችና ሄደች። ግቢው በሰው ሞልቷል። በሩ ጋ ቆማ ወደ ኋላ ልትመለስ ስትል እትዬ አረጋሽ ከዳሱ ውስጥ አዩዋት። መጡ። ሰላም አላሏትም። አንድ ማንቆርቆሪያ ጠላ እጇ ላይ አስያዟትና «ከግራ በኩል ያሉት ካህናት አልተቀዳላቸውም» አሏት።

ቀኑን ሙሉ ከዘመድ ሴቶች ጋር ስትቀዳ ዋለች። ማንም ምንም አልጠየቃትም፤ መምሬ ለማንም እንዳልተናገሩ ገባት። ሰው ሁሉ ከተሸኘ በኋላ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትገባ፣ ቤት ውስጥ እሷና እትዬ አረጋሽ ብቻ ቀሩ። ሳጥኑ ወደ ጓዳው ተመልሷል። እትዬ አረጋሽ ሳጥኑ የነበረበትን ባዶ ቦታ እያዩ ነጠላቸውን አጣፉ።

«ይቅር ብዬሻለሁ እንዳልል አፌ አይታዘዘኝም» አሉ። «ገድለሽብኛል እንዳልልም አላውቅም። መምሬ ለእግዚአብሔር ተይው ይለኛል። እተወዋለሁ፣ ቀስ ብዬ።»

«እሺ እትዬ።»

«ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለመምሬ አልነግረውም።» ወደ ምድጃው ጠጋ አሉ። «ድምፁ ይናፍቀኛል። የአንቺ ግራሶ መሆኑን እያወቅሁ ይናፍቀኛል። ቤቱ እንዲህ ጸጥ ሲል፣ አሁንስ እያልሁ ጆሮዬን እሰጣለሁ።»

ማርያማዊት ከአጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። ውጭ ነፋሱ በድንጋይ ካቡ መካከል ይነፍሳል፤ ሁለቱም ያዳምጡ ነበር።