ጥላውን እንዳትነካ

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ኮምፒዩተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ታቅፈው ሲገቡ ገና በሩ ላይ ሳሉ «አይችልም!» አልኳቸው። እንዲህ ነኝ። ሃያ ዓመት ኮምፒዩተር ስጠግን ደንበኛ አፉን ሳይከፍት መልስ መስጠት ለምዶብኛል።

«ምኑን ነው የማይችለው?» አሉ።

«አዲሱን ጌም ነዋ፣ እትዬ! ሰሞኑን እዚህ የሚገባው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ እሱ ነው። ይህን ኮምፒዩተር ለልጅዎ የገጣጠምኩት እኔው አይደለሁ? ያኔም መካከለኛ ነበር፤ አሁንማ አምስት ዓመት ሆነው።»

ኮምፒዩተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «ልጄ ሦስት ዓመት የደከመበት ጌም ነው። ዛሬ ከሰዓት ደውሎ እንዴት አየሽው ይለኛል። ሳላየው ቆንጆ ነው ብዬ ልዋሸው?»

ልጃቸው ሩቅ አገር ጌም የሚሠራ ድርጅት ውስጥ መቀጠሩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ምን ልበል? ከፈትነው። ማራገቢያው ጮኸ፣ ምስሉ እየተንቀረፈፈ መጣ። በሰከንድ አሥራ አንድ ምስል ብቻ፤ ሠላሳ ካልሞላ ደግሞ ዓይን ያደክማል።

«መፍትሔው ቀላል ነው» አልኩ። «ጥላውን እናጥፋው። ምስሉን የሚሠራውን ካርድ የሚያስጨንቀው እሱ ነው፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያጠፋው እሱን ነው። ቢጠፋም ማንም ልብ አይለው።»

እጄን ከማውሱ ላይ መታ አደረጉኝ። «ጥላውን እንዳትነካ! ልጄ የሠራው ጥላውን ነው።»

በማጥፋት ፈንታ ጥላውን መካከለኛው ደረጃ ላይ አደረግሁት፤ ሃያ አራት ደረሰ። ደስ ብሎኝ ዞር ስል እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑ ላይ ተደፍተዋል። ጌሙ ውስጥ አንድ ክፍል አለ፤ መጋረጃው በነፋስ ይወዛወዛል፣ ጥላው ወለሉ ላይ ያርፋል።

«ልክ አይደለም» አሉ። «ጫፉ ሁሉ እኩል ነው። ጥላ ጨርቁ አጠገብ ሲሆን ጫፉ ስል ነው፤ እየራቀ ሲሄድ ይለዝባል። መስኮት ሥር ተቀምጬ ስሰፋ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ነው። ልጁም እየደወለ የመጋረጃሽ ጥላ እንዴት ነው ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቤቱ ናፍቆት መስሎኝ!»

አላመንኩም። መስኮቱ ጋ ሄጄ የሸሚዜን እጅጌ ጠረጴዛው ላይ ዝቅ ከፍ አደረግሁ። እውነታቸውን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰውን ጥላ ሳጠፋ አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም። አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ አለቃዬ እሳቸው ሆኑ። ጥላው የመጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ ላይ ወጣ፤ ሌላውን እንደ ጨርቅ እያስለኩ አስቆረጡኝ።

«ሣሩ?» እላለሁ።

«ይታጨድ።»

«ወንዙ?»

«ይድረቅ።»

«የጌሙ ሰውዬ ፀጉርም ይከብዳል።»

«መላጣ ይሁን። የልጄም አባት መላጣ ነበር፣ ምን ጎደለበት?»

ያም ሆኖ ሃያ ስድስት ላይ ቆመ። ቢጨንቀኝ ኮምፒዩተሩን ፈታሁት። ማራገቢያው ውስጥ አንድ እፍኝ የክር ብጥስጣሽ ተጠቅልሏል፤ ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ከስፌት መኪናው ጎን ነበር የተቀመጠው። አጽድቼ መልሼ ገጠምኩት። ሠላሳ ሁለት! ያ መካከለኛ ያልኩት ኮምፒዩተር ድምፁን አጥፍቶ ሥራውን ያዘ። ግቢው ራቁቱን ነው፣ ሰውየው መላጣ ነው፤ ወለሉ ላይ ያለው ጥላ ግን እስትንፋስ ያለው ይመስላል። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አልዋሽም።

ስልኩ ሲጮኽ እትዬ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«እማዬ፣ አትልፊ» አለ ልጁ። «ያ ኮምፒዩተር አይችለውም። ቢከፈትልሽም ጥላውን አጥፍተው ነው የሚያሳዩሽ። ሁሉም የሚያጠፋው የእኔን ነው።»

«ሣሩን አጨድነው፣ ወንዙን አደረቅነው፣ ሰውየውን መላጣ አደረግነው» አሉ። «ጥላውን ግን ማን አባቱ ይነካዋል!»

ልጁ ወዲያው ጠየቀ። «ጫፉስ?»

«ጨርቁ ጋ ስል ነው፤ ሲርቅ ይለዝባል። የእኔው መጋረጃ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ከወዲያ በኩል አፍንጫ ሲሳብ ተሰማ። እኔ ደግሞ በሩ ላይ ያልኩትን እንዳይነግሩብኝ በእጄ ምልክት እለምናለሁ። እትዬ ከመነጽራቸው በላይ ገላመጡኝ።

«ጠጋኙም ጎበዝ ነው» አሉት። «ገና በሩ ላይ ሲያየኝ ይችላል ብሎኝ ነበር።»