የደብሪቱ ጀርባ አቤቱታ

ሰኞ ጠዋት የደብሪቱ ጀርባ ከደብሪቱ ተለይቶ አቤት ሊል ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። እሷም አልከለከለችውም። ግድግዳ ተደግፋ ልጆቹን ማባበሏን ቀጠለች።

ይህ ጀርባ በመሥሪያ ቤቱ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ የሠራተኛውን ልጅ ሁሉ አሥራ አንድ ዓመት ሲሸከም የኖረ ነው። ግቢው ውስጥ መኪና የሚጠብቀው ሰውዬ የደብሪቱን እጥፍ ያገኛል፤ መኪና መቼም አያለቅስ፣ አይታዘል። የራሷን ልጅ ትርንጎን እዚያ እንዳታስገባ ደግሞ ደንቡ ለቋሚ ሠራተኛ ልጅ ብቻ ይላል፤ ደብሪቱ ኮንትራት ናት። ልጅቷን የምትይዝላት ጎረቤቷ ዘነቡ፣ ከዛሬ ጀምሮ ካልከፈልሽኝ በር ላይ ነው የማስቀምጣት ብላ ቁርጡን ነግራታለች።

ጀርባ አፍ የለውምና ማመልከቻውን አንቀልባው ላይ አስሮ ነበር የሄደው። የሰው ሀብት ኃላፊው አቶ አየነው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«ተገቢ ክፍያ ሰብአዊ መብት ነው ይላል። ሰብአዊ ለመባል እኮ መጀመሪያ ሰው መሆን ነው፤ አንተ ጀርባ ነህ» አሉት። ቀጥለውም ልጅ መያዝ ፍቅር እንጂ ሥራ እንዳልሆነ፣ ለፍቅር ደግሞ የደመወዝ እርከን እንዳልወጣለት በትሕትና አስረዱት። ባዶ እጁን እንዳይመለስ ብለውም የምስጋና ወረቀት ሊለጥፉበት ከኋላው ቆሙ።

ጀርባው ከኋላው ሰው ሲቆም ዝቅ ማለት ልማዱ ነው። ዝቅ አለ። አቶ አየነው ትንሽ አመነቱና ወጡበት። ጸሐፊያቸው አንቀልባውን ጠበቅ አድርጋ አሰረችላቸው። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ባለጉዳይ ሲመጣ፣

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ትላለች።

ጀርባው ደረጃውን ወርዶ፣ ደብሪቱ ያለችበትን የማቆያውን መስኮት አልፎ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ዘነቡ ደጅ ደረሰ። ትርንጎ በሩ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። አራት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ጀርባ ታዝላ ስለማታውቅ የማን እንደሆነ አልገባትም። ዞሮ ዝቅ አለላት። ተነሥታ ቀረብ አለችና አየችው።

«እዚህማ ሰው አለበት» አለች።

ተራዋን ልትጠብቅ ድንጋዩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ጀርባው ዝቅ እንዳለ ነው። አቶ አየነው በእንቅልፋቸው አውራ ጣታቸውን ይጠባሉ።