ቆጣሪው ያለውና አጎቴ ያለው

የሙቀት ቆጣሪው ያለው አንድ ሺህ አምስት መቶ አርባ ዲግሪ ነው። አጎቴ ያለው አንድ ሺህ ሰባት መቶ። የቆጣሪው ቃል ታትሞ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የአጎቴ ግን ከአፉ በቀር ምስክር የለውም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የብረት ማቅለጫው ምድጃ ሆዱ ተቀዶ የቀለጠው ብረት ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ባልደረቦቹ «ጅራፍ» የሚሉት ቀጭን ሠራተኛ ሁለት እግሩ ተቃጥሎ ሆስፒታል ተኝቷል። ቆጣሪው ልክ ከሆነ ሙቀቱ አልበዛም ማለት ነው፤ ጥፋተኛው እንግዲህ የምድጃውን የውስጥ ልባስ በወጉ ሳያስጠግን ያስነሳው ዋናው አቅላጭ፣ አጎቴ፣ ይሆናል።

አጎቴ ሃያ ስድስት ዓመት አቅልጧል። እዚህ ያስቀጠረኝም እሱ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ቀን ምድጃዎቹን እንደ ዘመድ እያዞረ አስተዋወቀኝ።

«ይቺ የአሉሚኒየም ናት፤ ሰባት መቶ ይበቃታል። ስትግል እንኳ መልኳ አይቀላም፤ የበረደች መስላ ቆዳህን ትልጠዋለች። ያቺ የነሐስ ናት፣ ከሺህ ብዙም አትርቅም። ይሄ ጉልቤ የብረት ነው፤ ሺህ ስድስት መቶ ካልገባ ልቡ አይረካም። ሺህ ሰባት መቶ ከደረሰ ግን የራሱን ልባስ ይበላል።»

«በምን ይታወቃል ጋሼ?»

«እኔ በዓይኔ። አንተ በዲግሪህ» ብሎ ሳቀ።

ማክሰኞ ዕለትም በጥቁር መነጽሩ አይቶ «በጣም ነጥቷል፣ ኃይሉን ቀንሱ» ብሎ ነበር። ፎርማኑ ቆጣሪውን አየና፣ «ጋሼ፣ መነጽር ቀይር! ገና ነው። ጨምሩ!» አለ።

በማግስቱ፣ ቆጣሪው ሙቀቱን እንዲያነብ የቀለጠው ብረት ውስጥ የምንነክራቸው የመለኪያ ጫፎች የመጡበትን ካርቶን አነበብኩት። የለመድነው ዓይነት ስላለቀ ሰኞ ዕለት ከግምጃ ቤት ሌላ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለቱ በመልክ አይለያዩም፤ ዓይነቱ ሲቀየር ግን ቆጣሪው ላይ ያለው መምረጫ ቁልፍ አብሮ መዞር አለበት፤ ካልዞረ ሙቀቱን አሳንሶ ያነባል። አላዞርኩትም። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ቆጣሪው አንድ ሺህ አምስት መቶ አርባ ሲል ምድጃው አንድ ሺህ ሰባት መቶ ነበር። የአጎቴ ዓይን ዝንፍ አላለም።

ለማንም አልተናገርኩም። ሐሙስ ሁለታችንም ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠራን።

«እዚህ ላይ ይፈርሙ» አለው ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ወደ አጎቴ እየገፋ። «ቸልተኝነት ነው ያልነው እንጂ ሌላ ነገር አልጻፍንም። ጡረታዎም አይነካም።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። «የቆጣሪው ኃላፊ አንተ ነህ። ልክ ነበር ወይ?»

ዓይኔን ወደ ወረቀቱ መለስኩ። «ቆጣሪ... አልፎ አልፎ ይሳሳታል።»

«አልፎ አልፎውን መች ጠየቅኩህ? የማክሰኞውን ነው።»

«መመርመር ይኖርበታል።»

ዓይኑን አጥብቦ፣ ምድጃ እንደሚያይ፣ ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሳ። ሊፈርም ነው ብዬ እፎይ አልኩ፤ ያን እፎይታ እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። እሱ ግን ክዳኑን ገጥሞ መልሶ አስቀመጠው።

«ካርቶኑን አይቼዋለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ትላንትም ዛሬም በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩህ። መጥተህ ትነግረኛለህ ብዬ።»

ቆብ አጥልቆ ተነሳና ለሥራ አስኪያጁ፣ «አልፈርምም» አለ። «እሱንም እዚህ አልከስም፤ የእህቴ ልጅ ነው። አሁን ሆስፒታል ሄጄ የሆነውን ሁሉ ለጅራፍ እነግረዋለሁ። ማንን እንደሚከስ የተቃጠለው ሰውዬ ይምረጥ።»