የማይበላው ስንዴ

ዘርፌ ስንዴውን አልበላችውም። በዚህ እንኳ ማንም አያማትም። ክረምቱ ገብቶ ጎታው ሲራቆት፣ ባሏ ደምሌ ከዘር የተረፈችውን አንድ ቁና ስንዴ እያየ "እስቲ ቆሎ አድርጊልን" ቢላት፣ "አይበላም ከተባለ አይበላም!" ብላ አሳፍራዋለች። ዘርፌ ቃሏን የምትጠብቅ፣ እልኸኛ ሴት ናት።

"አይበላም" ያለው ዳኛቸው ነበር። ዓምና የእስቴ ስንዴ ዛላው ጥላሸት ሆኖ፣ የመካነ ኢየሱስ ነጋዴ እፍኙን እያሸተተ "ወደ መጣበት መልሱት" ካለ ወዲህ፣ የጃንሆይ መንግሥት ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ጎልማሶች መርጦ የሰብል በሽታ መከላከል በፈረንጅ መምህራን ሦስት ወር አስተማረ። ለዘርፌ መንደር ለወይራምባ የደረሳት ዳኛቸው ነው። በሰኔ ቀይ ዱቄት የተለወሰ ዘር አከፋፈለና "ይዘራል እንጂ አይበላም" ብሎ ወደሚቀጥለው መንደር አለፈ። መርዝ የሚለውን ቃል ግን ከአፉ አላወጣም፤ ገበሬው ዘሩን ይጥልብኛል ብሎ ፈርቶ ነበር።

ነሐሴ አንድ ቀን፣ ፍልሰታ በተያዘበት ዕለት፣ ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል ዳኛቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ደጇ ደረሰ።

"እትዬ ዘርፌ፣ ከዘሩ የተረፈ ካለ ይስጡኝ። ስማዳ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ቆልቶ በልቶ በሞት አፋፍ ላይ ነው።"

"እኔን ሆዳም አደረግኸኝ? አንዲት ፍሬ አልቀመስንም። ለማርያም ነው የሰጠሁት።"

"ምን አሉ?"

"ለቁርባኑ መገበሪያ ነዋ!"

ትንሿ ልጇ የሻረግ በኩፍኝ ወድቃ በነበረ ጊዜ "ብታተርፊልኝ የፍልሰታ የመጀመሪያው ቀን መገበሪያ ከእኔ" ብላ ተስላ ነበር። ለእመቤታችን ደግሞ የሚሰጠው ምርጡ ነው፤ እንደ መንግሥት ዘር ያለ ድንቡሽ ያለ ስንዴ በአገሩ አልነበረም።

"ቅላቱ እስኪለቅ ሦስቴ አጥቤዋለሁ" አለችው። "ሥጋ ወደሙ ደግሞ መብል አይደለም። ምን ነካህ?"

ዳኛቸው ክንዷን ጨበጠ። "መርዝ ነው እትዬ። ታጥቦ አይለቅም። ዛሬ የሚቆርበው ማነው?"

ማን ይቆርባል! በፍልሰታ የሚቆርቡት ሕፃናቱ ናቸው። የሻረግም ነጠላዋን ለብሳ፣ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ፣ ከእኩዮቿ ጋር ቀድማ ሄዳለች።

ሮጡ። ዘርፌ ዳገቱን ስትወጣ አንድ ነገር ከሐሳቧ አልወጣ አላት። ከትናንት ወዲያ የስንዴውን እጣቢ የጠጡ ሁለት ዶሮዎቿ ክንፋቸውን ጥለው ሞተውባታል። "ፈንግል ነው" ብላ ለደምሌ ነገረችው፤ ለራሷም እንደዚያው ነገረች። ፈንግል ቢሆን ሌሎቹን ይምር ነበር? ይህን ያን ዕለት አልጠየቀችም፤ መጠየቅ አልፈለገችም።

ቅጥሩን ሲዘልቁ ቃጭል ይሰማል። ዲያቆን ጓዴ ኅብስቱን በመሶበ ወርቅ ተሸክሞ፣ ቄስ ተሻገር ተከትለውት፣ ከቤተልሔም ወደ መቅደስ እየሄዱ ነው። ሕዝቡ በግንባሩ ተደፍቶ ሰግዷል። ዳኛቸው ዘሎ መንገዱ ላይ ቆመ።

"አይግባ! ኅብስቱ መርዝ አለበት!"

እንዲህ ያለ ድፍረት በወይራምባ ማርያም ታይቶ አይታወቅም። ሁለት ወንዶች ብብቱን ይዘው ከመሬት አነሡት። "ፀረ ማርያም!" አለ አንዱ፤ "ሦስት ወር ከፈረንጅ ጋር ውሎ ይኸው ይህን ተምሮ መጣ!"

የዳኛቸው ዓይን ዘርፌን ፈለገ። ዘርፌ ከሴቶቹ መካከል ደርቃ ቀርታለች። ብትናገር እስከ ዕለተ ሞቷ "ለማርያም መርዝ የሰጠች" ትባላለች፤ ልጇንስ ማን ያገባታል? ጓዴ አንድ እርምጃ ተራመደ፣ ደገመ። ከመቅደሱ ደጃፍ ሕፃናቱ ተሰልፈዋል። የሻረግ ከፊት ናት፤ እናቷን አይታ ፈገግ አለች።

"አባ! ስንዴው የእኔ ነው!"

ቄስ ተሻገር ዞሩ። "ይህ ሰው ነግሮሽ ነው ልጄ፣ ወይስ አንቺ ራስሽ ያየሽው ነገር አለ?"

"እሱ ነገረኝ" ብትል ይበቃት ነበር። ማንም ከዚያ በላይ አይጠይቃትም።

"አይቻለሁ" አለች። "እጣቢውን የጠጡ ዶሮዎቼ ሞተዋል። ፈንግል ነው ብዬ ዋሸሁ።"

ቄስ ተሻገር የጓዴን ክንድ ያዙ። "መልሰው" አሉት። "ገና አልተባረከም፤ ተመስገን።" ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። "ዕቃ ቤቱ ውስጥ የቀሩትን የአሥራ አራት ቀን መገበሪያ አስቀምጣችኋል። ከእሱ ይፈጭና ይጋገራል። ማንኛችሁ ያመጣችሁት ይሁን?"

ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። በመጨረሻ ጌጤ፣ በምንጭ ውሃ ተጣልታ ከዘርፌ ጋር ሁለት ዓመት ያልተነጋገረችው ጌጤ፣ አደግድጋ ወጣች።

"የእኔም ከዚያው ዘር ነው አባ። አጥቤው ነው።"

"የእኔም" አለች አዛለች። ቀጥሎ አስካለ፣ ቀጥሎ ሌላዋ። የአሥራ አምስቱም ቀን መገበሪያ ከዚያው ዘር ነበር።

ዳኛቸውን የያዙት ሰዎች ለቀቁት። እሱም ጭቃው ላይ ተቀመጠ። "መርዝ ነው አላልኳችሁም" አለ። "ዘሩን እንዳትጥሉት ፈርቼ።"

ያን ቀን በወይራምባ ማርያም አልተቀደሰም። ሕፃናቱ ወደየእናቶቻቸው ተበተኑ። የሻረግ የዘርፌን ቀሚስ ይዛ ጎተተች።

"እማ፣ ራበኝ እኮ።"

ዘርፌ አንሥታ ደረቷ ላይ አጣበቀቻት። "ይራብሽ" አለቻት እያለቀሰች። "ይራብሽ የኔ ልጅ፣ ይራብሽ።"