ከተማው የተላጨ ሰሞን

ጦርነቱ ሲከፋ ለግንባር የሚታፈሱት ልጆች ካምፕ እንደገቡ ፀጉራቸው ይላጭ ጀመር። አምልጦ የመጣ ካለ ጭንቅላቱ ያሳብቅበታል፤ ወታደሮች መንገድ ላይ ኮፍያ እያስወለቁ የተላጨውን ሁሉ ለቅመው ይመልሳሉ። ይህን ያዩ የከተማው ወጣቶች፣ ሁላችንም ብንላጭስ? ተባባሉ። ድንጋይ መወርወር የለ፣ መፈክር የለ፤ መላጨት ብቻ።

ሴቶቹን የምትላጨው ጉንጉን ነበረች። ስሙ በሹሩባ ሥራዋ የወጣላት ነው። ፀጉር ቤቷ ሁለት ወንበር፣ አንድ ካስክና ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት ይዞ ሞልቷል። መጀመሪያ የራሷን ፀጉር አነሳችው። እናቷ ስታያት እሪ አለች።

"ወንድምሽ በሕይወት እያለ ምን ልታሟርቺበት ነው?"

ወንድሟ ግንባር ነው። ጉንጉን ለእሱ ብላ ያደረገችው ይመስላት ነበር፤ ይህን ስትሰማ ግን የተላጨ ራሷን በእጇ ሸፈነች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀጉሯ ወገቧ የሚደርስ ልጅ ገብታ ተቀመጠች። የከተማው የፀጥታ አዛዥ ልጅ ናት፤ የማያውቃት የለም።

"ላጪኝ።"

"ልተኩስልሽ እንዴ?" አለች ጉንጉን፣ ያልሰማች መስላ።

"ለመተኮሱስ አባዬ ይበቃል። ላጪኝ አልኩሽ።"

ጉንጉን ትሳቅ አትሳቅ ግራ ገባት። ተልካ ይሆን? እምቢ ብትላት፣ ሌሎቹንስ ለምን ላጨሽ ልትባል ነው። እሺ ብትላት ደግሞ ነገ ማን ያድናታል? ልጅቷ በመስታወቱ ዓይን ዓይኗን ታያታለች። ጉንጉን ላጨቻት። ልጅቷ ጭንቅላቷን ዳሰስ አድርጋ፣ "በረደኝ" ብላ ወጣች።

በማግስቱ አባትየው ራሱ መጣ፣ ያለ አጃቢ። ልጁ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

"ማን አዘዘሽ?"

"ራሷ ናት የጠየቀችኝ፣ ጌታዬ።"

"አለቀሰች?"

ጉንጉን ይህን አልጠበቀችም። "ኧረ አላለቀሰችም።"

"አላለቀሰችም..." አለ ለራሱ፤ ተነስቶም ወጣ። ዛቻ የለ፣ ስድብ የለ።

በዚያው ሳምንት ወጣቶችን የላጩ ፀጉር ቤቶች ሁሉ ታሸጉ፤ ባለቤቶቹም ታሰሩ። የጉንጉን ብቻ ቀረ። ነገሩን ከጠነሰሱት አንዷ የሆነችው ጓደኛዋ ቀጮ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ግቢ ስትባል አልገባችም።

"የአንቺን ለምን ተዉት?"

"እኔ ምን አውቄ!"

"አባትየው እዚህ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። ምን አልሽው?"

"ምንም! ወንድሜ ይ..." ብላ መሐላውን አፏ ላይ ዋጠችው። ግንባር ባለ ሰው እንዴት ይማላል?

ቀጮ መዋጧን አየች። "እስቲ ይሁን" ብላ ሄደች። ማመኗ ነው አለማመኗ? ጉንጉን ስታብሰለስለው ዋለች። ከዚያ ወዲያ ደንበኛ ዝር አላለም። እሷንም ባሰሯት ብላ እስከ መመኘት ደረሰች፤ ወዲያው ደግሞ በምኞቷ ደነገጠች።

አንድ ቀን በዋናው መንገድ ብዙ እግር ሲያልፍ ሰማች። ወጣቶቹ ራሳቸውን ገልጠው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ይሄዳሉ። ለእሷ የነገራት አልነበረም። ዘግታ ወጣችና ከኋላ ተቀላቀለች፤ ሁለት ልጆች ፈቀቅ አሉባት። የሸሸው ካልሸሸው፣ ሴቱ ከወንዱ አይለይም፤ ዳር የቆሙት ወታደሮች ማንን እንደሚይዙ ጠፍቷቸው እርስ በርስ ይተያያሉ።

ወደ ጎኗ ድንገት አንዲት ልጅ መጣች። የአዛዡ ልጅ ናት።

"አባትሽ የእኔን ቤት ለምን ተወው?" አለቻት ጉንጉን በሹክሹክታ።

"አላውቅም። እኔንም አያናግረኝም። የክፍሌ በር ላይ መጥቶ ይቆምና ይመለሳል።"

ጉንጉን ልጅቷን ገፍትራ መሸሽም፣ እጇን መያዝም አማራት። ፊት ያለችው ቀጮ ዞር ብላ ሁለቱን አንድ ላይ አየቻቸው። ትቆጣ ይሁን ትገረም፣ ከዚያ ርቀት አልለይ አላት።

ያን ዕለት ማንም አልተያዘም። ኮፍያ ማስወለቁም ከዚያ ወዲህ ቀረ። የታሰሩት ግን አልተፈቱም፤ ከወንድሟም ወሬ የለም። ከቀናት በኋላ ቀጮ ብቻዋን መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

"በቅሎብኛል፤ አንሺልኝ።"

ጉንጉን በመስታወቱ አየቻት። ለዕርቅ ነው የመጣችው ወይስ ልትሰልላት? ፎጣውን አንስታ አንገቷ ላይ ጣል አደረገችላት።